የድሮ የጀልባ ሞተር ዕድሜው እንዴት ይታወቃል?

ባሕር ዳር ስላደግኩ የጀልባ ሞተር ድምፅ ከሰማሁ ዞር ማለቴ አይቀርም። አሁን የምኖርባት ሚኒሶታ ደግሞ «የ10 ሺህ ሐይቆች ምድር» የሚል ቅጽል ያላት የአሜሪካ ግዛት ናት። ስለዚህ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ለሽያጭ ካወጣቸው ዕቃዎች መሐል ባለ 10 የፈረስ ጉልበት አሮጌ ጆንሰን ሞተር ባየሁ ጊዜ ብዙም ሳልከራከር ገዛሁት። ሻጩ «የ1965 ሥሪት ነው» አለኝ፤ አመንኩት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው። እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የላቸውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። እኔም ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት እየቀላቀልኩ አንድ በጋ በደስታ ነዳሁት። በሁለተኛው በጋ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ሐይቁ መሐል ደርሰን ሳለ ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ። ገመዱን ብጎትተው ንቅንቅ አልል አለኝ። ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ዳር እስክንደርስ አንድ ሰዓት ያህል ቀዘፍኩ።

በማግስቱ ሞተሩን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ለፈጁ አንድ የአገራችን ሰው ወሰድኩላቸው። ቴስታታውን ከፍተው የተፋፋቀውን ፒስተን አሳዩኝና «አንተ ልጅ፣ ታርጋውን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«የምን ታርጋ ጋሼ?»

ሞተሩ ከጀልባው ጋር የሚታሰርበት ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ሳህን አለች። ላይዋ ላይ «ኪው ዲ 18» ይላል። ያቺን ሳላነብ ነው ሁለት በጋ የነዳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆንሰን ባለ 10 የፈረስ ጉልበቱን «ኪው ዲ» ሞተር በ1949 «ኪው ዲ 10» ብሎ አወጣው። ወደፊት፣ ባዶና ወደኋላ የሚል ማርሽ ያለው፣ የነዳጅ ታንኩም ከሞተሩ ተለይቶ ጀልባው ውስጥ የሚቀመጥ ስለነበር በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ አንድ አንድ እየጨመረ በ1963 «ኪው ዲ 24» ላይ አበቃ። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ 39 ደምሩ፤ ዓመቱ ይወጣላችኋል። የእኔው 18 ሲደመር 39፣ 57 ነው፤ 1957 ማለት ነው። በ1964 የ10ሩን ቦታ 9.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሌላ ሞተር ስለያዘ፣ ሻጩ የነገረኝ ዓይነት የ1965 ባለ 10 ጆንሰን ጭራሽ የለም።

የእነዚህ ጥቂት ዓመታት ልዩነት ዘይቱ ላይ ነው የሚመጣው። ከ1964 በፊት ለነበሩት የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች በአብዛኛው የሚያስፈልገው 24 ለ1 ነው፤ በ1 ሊትር ቤንዚን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት። ከ1964 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ 50 ለ1 ይበቃቸዋል፤ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ። አሮጌዎቹ ውስጥ በነሐስ ቡሽ ላይ የሚዞሩ ክፍሎች ይበዛሉ፤ ቡሽ ደግሞ ከኩሽኔታ ይልቅ ዘይት ይፈልጋል። እኔ ከሚገባው ከግማሽ በታች ነበር የሰጠሁት። የዘይቱ ዓይነት ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራው። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ታርጋው የጠፋ እንደሆነ ቱቦውን እዩ። በ1950ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ከታንኩ የሚመጣ ጥንድ ቱቦ አላቸው። በአንዱ ሞተሩ አየር ወደ ታንኩ ይገፋል፤ በሌላው ነዳጁ በዚያ ግፊት ይመጣል። (እኔ ሁለተኛው መጠባበቂያ መስሎኝ ነበር።) ይህን ዓይነት ታንክ ግፊቱን ሳታስወጡ ብትከፍቱት ቤንዚን ሊረጫችሁ ይችላል፤ አጠገባችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ ፓምፕ ሞተሩ ላይ ተገጠመና ቱቦው አንድ ሆነ።

ኤቪንሩድንም አብሬ የማነሳው ጆንሰንና እሱ ከ1936 ጀምሮ በአንድ ኩባንያ ሥር ስለነበሩ ነው። ኋላ ላይ ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ከሽፋንና ከቀለም በቀር መንትያ ሆነዋል፤ ለአንዱ ያጣችሁትን ዕቃ በሌላው ስም ፈልጉ። በዚያ ዘመን ሞተሮች ላይ ቮላኖው ሥር ያሉት ቦቢናዎች መሰንጠቃቸው የተለመደ ነው፤ አዲስ መግዛት ይሻላል። ፑንቲናው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል።

በ1970ዎቹ ለተሠራ ጆንሰን መላ መምታት አያስፈልግም፤ «25 አር 73» ማለት ባለ 25 የፈረስ ጉልበት የ1973 ሥሪት ነው። ከ1980 ወዲህ ግን ዓመቱ በፊደል ተደበቀ። «ኢንትሮዲውስስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሥር የማይደጋገሙ ፊደላት ስላሉት ከ1 እስከ 9፣ የመጨረሻው ደግሞ 0 ተብለው ተቆጠሩ። «ሲ» 8ኛ፣ «ኤን» 2ኛ ስለሆኑ «ሲ ኤን» 1982 ነው።

በ1974 ስለወጡት 9.9 እና 15 የፈረስ ጉልበት ሞተሮችም ልንገራችሁ። በብዙ ሐይቆች ከ10 በላይ ስለሚከለከል ነው 9.9 የተባለው እንጂ አካሉ የ15ቱ ነው፤ ዋናው ልዩነት ካርቡሬተሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ 9.9 ተጽፎበት 15 የሆነ፣ ወይም የተገላቢጦሽ፣ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ሽፋን በደቂቃ የሚቀየር ነገር ስለሆነ እሱን አትመኑ።

የእኔው «ኪው ዲ 18» ያገለገለ ፒስተን ተገኝቶለት ተነሥቷል። በ24 ለ1 ከበፊቱ የበለጠ ያጨሳል። ልጄ አሁን የምትቀመጠው ከፊት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ መቅዘፊያዎቹንም ሳትቆጥር ጀልባ ላይ አትወጣም።