ሞተር ማጥፋት፦ ያኔና ዛሬ

ሰሞኑን ኦሎምፒያ መብራት ላይ የተሳፈርኩበት መኪና ቀጥ ሲል ሞተሩም አብሮ ጠፋ። ሹፌሩ ተናዶ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነና አስነሳው። «ለነዳጅ ሳንቲም ሲቆጥብ ባትሪዬን ይጨርሳል» አለኝ። እውነት አለው። እንዲህ ያለ መኪና ጠንካራ ባትሪ ይፈልጋል፤ በተራው ከተተካ ቶሎ ይደክማል።

ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ቶዮታ በክራውን ላይ የሞከረው በ1970ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን) ነው፤ የነዳጅ ቀውሱ ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን። ያው ቀውስ እኛን ምን እንዳደረገን ታውቃላችሁ፦ ቤንዚን 50 በመቶ ተወደደ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት በዚያው ሳምንት ጭማሪውን ቢቀንስም ረፍዶ ነበር። መምህሩም ወታደሩም የየራሱን ጥያቄ ይዞ ተነስቷል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ።

ያለ ኮምፒውተር ሞተር የሚያጠፋ ሹፌርም እኛው ሰፈር ሞልቶ ነበር፤ ቁልቁለት ሲያገኝ አጥፍቶ በፍሪ የሚለቅ። እኔ እሱን ነው የምፈራው። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተር ስለሚመጣ ፔዳሉ ይደድራል። የዛሬው ግን የሚያጠፋው መኪናው ሲቆም ነው።

ይህን ለሹፌሩ ብነግረው፣ «እሺ፣ ባትሪውን ትገዛልኛለህ?» አለኝ። ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።