መምህሩ፣ ደቀ መዝሙሩና ሽቦው

«ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር» ይላል ያገራችን ሰው። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጋር ባይገጥምስ? ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የተዛነፈ ጥርስን ከብረት ዝርግ ጋር በክር አስሮ ማቃናት እንደሚቻል አስረድቶ ነበር።

ጥበቡን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረገው ግን አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። በ1899 የአገጣጠም ጉድለቶችን በ3 መደባቸው፤ ምደባው ዛሬም ያገለግላል። አንግል አንድ ጽኑ እምነት ነበረው፦ ለሰው የተሰጡት ጥርሶች ሁሉ ባፉ ውስጥ ስፍራ አላቸው፤ ስለዚህ ለማቃናት ተብሎ አንድም ጥርስ አይነቀልም። ካልቪን ኬዝ በ1911 ይህን አቋም በአደባባይ ቢሞግትም፣ ለጊዜው የገነነው የአንግል ወገን ነበር።

አንግል በ1930 አረፈ። ደቀ መዝሙሩ ቻርልስ ትዊድ በመምህሩ ሕግ ያከማቸውን ሰዎች መልሶ ሲመረምር፣ የብዙዎቹ ጥርስ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ከንፈራቸውም አልገጥም ብሎ አገኘው። ስለዚህ አራት አራት ጥርስ እየነቀለ እንደገና አቃናቸው፤ በ1940ም የ100 ሰዎችን ማስረጃ፣ የፊተኛውን ከኋለኛው አጣምሮ፣ ለባልደረቦቹ አቀረበ።

ዛሬ «ሁልጊዜ ንቀል» ወይም «ከቶ አትንቀል» የሚል ሕግ የለም፤ ሐኪሙ የመንጋጋውን ስፋትና የፊቱን ቅርጽ አይቶ ይወስናል።

ትዊድ መምህሩን አልካደም። አንግል በ1928 ያስተዋወቀውን ባለአራት ማዕዘን ሽቦ ዕድሜውን ሙሉ ሠራበት፤ የተወው ሕጉን ብቻ ነው። መምህርን ማክበር ስሕተቱን ከማረም ጋር እንደማይጣላ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይሻል?