መቅኔ ልብ ይሆናል የተባለበት ዘመን

መቅኔን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደማችን የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው በዚህ ለስላሳ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ስቴም ሴል ደም እንደሚሠራ ማንም አይከራከርም። ልብም ይሠራል የተባለበት ታሪክ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ በልቷል።

ኤፕሪል 2001 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር መጽሔት የዶናልድ ኦርሊክንና የፒዬሮ አንቬርሳን ቡድን ጥናት አወጣ። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን የልብ ደም ሥር አስረው ሃርት አታክ አስያዟቸው፤ ከዚያ ከሌሎች አይጦች የወሰዱትን የመቅኔ ሴል በጉዳቱ ዳርቻ ወጉ። በተሳካላቸው አይጦች ላይ በ9 ቀን ውስጥ ከተጎዳው ክፍል 68 በመቶውን አዲስ ጡንቻ ያዘው አሉ። አስቡት፤ ሐኪሞች የሞተ የልብ ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል እንጂ አይመለስም ብለው ነው የተማሩት!

በዚያው ዓመት ጀርመን ዱሰልዶርፍ ውስጥ የታማሚ መቅኔ ወደ ራሱ ልብ ተሰጠ። ከአይጥ ወደ ሰው የነበረው መንገድ እንዲህ አጭር ነበር።

በ2004 ያው ኔቸር ሁለት ተቃራኒ ጥናቶችን አብሮ አወጣ፤ አንዱ በቻርልስ መሪ የሚመራው የሲያትል ቡድን፣ ሌላው የስታንፎርድ። የሲያትሎቹ ዘዴ ብልህ ነበር። ሴሉ እውነተኛ የልብ ጡንቻ ከሆነ ብቻ የሚበራ የዘር ምልክት ተከሉበት። 145 ጊዜ ሞከሩ፤ መቅኔው ልብ አልሆነም። በማይክሮስኮፕ ሥር የልብ ጡንቻ በራሱም ያበራል፤ ያንን አዲስ ሴል ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። አላበቃም። አንቬርሳ ሐሳቡን ወደ ልብ አዞረ፤ ልብ የራሱ ስቴም ሴል አለው፣ ራሱንም በፍጥነት ያድሳል አለ። በ2007 ወደ ቦስተን፣ የሃርቫርድ ማስተማሪያ ወደሆነው ብሪገም ሆስፒታል ተዛወረ። በ2011 ላንሴት በልብ ስቴም ሴል የታከሙ ሰዎች ተሻላቸው የሚል ውጤት አወጣ።

ሐሳቡን ክፉኛ የፈተነው ግን የአቶም ቦምብ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉት ፍንዳታዎች አየሩን በካርቦን 14 ሞልተውት ነበር፤ እያንዳንዱ ሴልም የተወለደበትን ጊዜ አሻራ ይዞ ቀረ። ስቶክሆልም ያሉት የዮናስ ፍሪሴን ባልደረቦች ይህንን ቆጥረው በ2009 እንዳሳዩት፣ በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚታደሰው ጡንቻ 1 በመቶ ገደማ ነው፤ በ75 ዓመት ደግሞ 0.45። የአንቬርሳ ቡድን በዚሁ ዘዴ ልብ ፈጥኖ ይታደሳል ያለበት የ2012 ጽሑፍ፣ መረጃው ተበላሽቷል ተብሎ በ2014 ተሰረዘ።

በ2017 ብሪገምና እናት ድርጅቱ በተጭበረበረ መረጃ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ተወስዷል ለሚለው ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በኦክቶበር 2018 ሃርቫርድና ሆስፒታሉ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ። ላንሴትም የራሱን በ2019 ሰረዘ።

እኔን የሚያበሳጨኝ የ2001ዱ ስህተት አይደለም፤ ሳይንስ ይሳሳታል። ከ2004 እስከ 2018 ያሉት 14 ዓመታት ናቸው የሚያበሳጩኝ። ማስረጃው በታወቀ መጽሔት ታትሞ እያለ ገንዘቡ ይፈስ ነበር፣ ልባቸው የደከመ ሰዎችም ደረታቸውን ለሙከራ ይሰጡ ነበር።

ልብን ማደስ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ዛሬም አሉ። በ2020 መጀመሪያ ኦሳካ ላይ በላብራቶሪ ያደገ የልብ ጡንቻ ሽፋን በአንድ ታማሚ ልብ ላይ ተለጠፈ። ሴሎቹ ግን ከመቅኔ የመጡ አልነበሩም።