ከፌጦ እስከ ክትባት፦ የጓሮ ዶሮ ሕክምናችን ታሪክ

በየመንደራችን ዶሮ የሴት ገንዘብ ናት። ጨውና በርበሬ፣ የልጅም ደብተር ከእንቁላል ይወጣ ስለነበር፣ ዶሮ ስትታመም ማከሙም በእኛው ትከሻ ላይ ነበር። የከብት ሐኪም ሲመጣ በሬና ላም ይቀርቡለታል፤ ዶሮ ታቅፋ የምትሰለፍ ግን እምብዛም አልነበረችም።

እናቶቻችን ለሰው ሆድ ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ያውቁ ነበር። ኮሶን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሳይቀር ጽፎታል። ለዶሮ ደግሞ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይግቱ ነበር፤ የባሰ እንደሆነ አረቄ ጠብ ይደረግላታል። (አረቄውን ማን እንደጨረሰው አይጠየቅም!)

ችግሩ ያስቀመጣት ዶሮ ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት ማግኘቷ ነው። ወስፋት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ዶሮዋ እየበላች ትከሳለች፣ ኩክኒዋ ይገረጣል፣ እንቁላሏ ይቀንሳል። ፈንግል ግን አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል፣ በቀናት ውስጥም ቆጡን ባዶ ያደርጋል። በወስፋት የታመመችው ስትሰነብት ፌጦው ይመሰገናል፤ በፈንግል ያለቁት ደግሞ የዓመቱ ክፋት ይባሉ ነበር። ፈንግልን ፌጦም ሆነ የወስፋት መድኃኒት አያድነውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጅማና የዓለማያ እርሻ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዝርያ ዶሮዎችን አስገቡ። ብዙ ዶሮ በአንድ ቤት ሲዘጋበት ጫጩቶችን ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስ ይበረታል፤ የእሱም መድኃኒት ሌላ ነው፣ አምፕሮሊየም። ለወስፋት ፓይፐራዚን በውሃ ተበጥብጦ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። የሚያስወጣው ያደጉትን ትሎች በመሆኑ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል። የኮሶ ትልን ግን አይነካም። በኩስ የወጣው የወስፋት እንቁላልም በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ቆጡን ሳይጠርጉ መድኃኒት መስጠት ገንዘብ መበተን ነው።

ቢሾፍቱ በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት ዛሬ የፈንግልን ክትባት በአገር ውስጥ ያመርታል። ሆኖም አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠም አያድርም። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋባታል። ቤት ለቤት ዶሮ እየቆጠርን፣ እንደየቁጥራችን አዋጥተን በአንድ ቀን የምናስከትበው ለዚህ ነው።