ስማቸውን ያልተጠየቁት የሰቲት ጎራዴኞች

መጋቢት በመጣ ቁጥር መተማ የምትነሳው ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተደረገው ውጊያና ስለ ንጉሡ ፍጻሜ ብዙ ተጽፏል። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን የመተማ ጎረቤት የሆኑ የቆላ አዳኞች በአውሮፓ ከተሞች ትኬት እየተቆረጠባቸው ለሕዝብ ይታዩ ነበር።

ያሳያቸው የሀምቡርጉ የአራዊት ነጋዴ ካርል ሐገንቤክ ነው። ወኪሎቹ ከካሳላ፣ ከሰቲትና ከአትባራ ወንዞች ዳርቻ ግልገል ዝሆንና ቀጭኔ ይሰበስቡ ነበር። አትባራ የእኛው ጓንግ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1862 መተማን የረገጠው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ሐምራን የሚባሉትን የዚሁ ቆላ አዳኞች ጥበብ በአድናቆት ጽፎታል። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን እያስቆጣ ከፊት ከፊቱ ይጋልባል፤ ሌላው ከፈረሱ ዘሎ ይወርድና ባለሁለት ስለት ጎራዴውን በሁለት እጁ ይዞ ቋንጃውን ይቆርጣል። ለንግዱ ሲታደን እናት ትወድቃለች፤ ግልገሏ የፍየል ወተት እየጠጣ በበረሃው ወደ ሱዋኪን ወደብ ይነዳል።

ከ1876 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎቹም ከአራዊቱ ጋር ተጓዙ። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። በውል ሄዱ፣ ደመወዝ ተከፈላቸው፤ ታዲያ በደሉ ምንድን ነው የሚሉ አሉ። ውሉ እውነት ነው፤ ሰዎቹንም ፈቃድ እንደሌላቸው ምርኮኞች መቁጠር ሌላ ንቀት ይሆናል። ነገር ግን ውል ጉልበትን እንጂ ስምን አይሸጥም። ሐምራኑ፣ ሐለንጋው፣ ቤኒ ዓምሩ፣ ጎሳው ሁሉ በማስታወቂያው ላይ «ኑቢያውያን» ተባሉ፤ ኑቢያ ግን ከአገራቸው ርቆ በዓባይ ሸለቆ ያለ ምድር ነው። በርሊን ላይ ሐኪሙ ሩዶልፍ ፊርኾ አካላቸውን ለካ። ተመልካቹ የጎራዴኛውን ሙያ ሳይሆን የተለጠፈበትን ስም አይቶ ተመለሰ።

ይህ የአንድ ነጋዴ ስህተት ብቻ አልነበረም። ታላቁ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት በጀመረ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ የአሜሪካው ሪንግሊንግ ሰርከስ የሣራ ሕዝብ ሴቶችን «ኡባንጊ» ብሎ በየከተማው አዞረ። ስሙን የመረጠው የሰርከሱ ማስታወቂያ ሠራተኛ ነበር፤ ያገኘውም ከካርታ ላይ ነው።

በጅምላ ስም መለጠፍ በእኛም ዘመን አልቀረም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የብዙ አገር ሕዝብ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገባ። ሐኪሙም ነጋዴውም ተማሪውም በአንድ ቃል «ስደተኛ» ተባለ። በዚህ ኬላ የሚያልፈውን ሰው ስሙንና ሙያውን መጠየቅ ለሰቲት ጎራዴኞች የተነፈገውን ክብር ለእርሱ መስጠት ነው።