የዕዝራ ዝርዝርና የስደተኞች መዝገብ

ወገኖች፣ መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ዘለን እናልፋለን። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት በየወገናቸው ተቆጥረው፣ ድምራቸው 42,360 ተብሎ ሰፍሯል። በመካከሉ ግን የሚያሳዝን ነገር አለ። ከካህናት ወገን የሆኑ ሰዎች የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ስላጡት ከክህነት ተከለከሉ። ሰዎቹ አሉ፣ ጽሑፉ የለም።

ይህን ምዕራፍ መልሼ እንዳነብ ያደረገኝ «ጆይንት» የሚባለው የአይሁድ ረድኤት ድርጅት የቤተ መዛግብቱን ሰነዶች ወደ ዲጂታል መለወጡ ነው። የድርጅቱ መነሻ አንድ ቴሌግራም ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. በኦቶማን መንግሥት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ሄንሪ ሞርገንታው በፍልስጥኤም ለተቸገሩ አይሁድ 50 ሺህ ዶላር እንዲላክ ወደ ኒውዮርክ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የስደተኞች ካርድ ገጽ በገጽ በስካነር እየተነሣ፣ ስሞቹም እየተለቀሙ በኢንተርኔት እንዲፈለጉ ተደርጓል። በሻንጋይ ተጠልሎ የነበረ ስደተኛ የልጅ ልጅ ዛሬ ቤቱ ሆኖ የአያቱን ስም ይፈልጋል።

ነገሩ ከእኛም አገር ሩቅ አይደለም። ከጎንደር በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ በወረታ አልፎ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው መንገዱን ያውቀዋል። በ1982 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ገጠር ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ሲጠባበቁ ሕክምና ያቀርብላቸው የነበረው ይኸው ጆይንት ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በችኮላው በብዙዎቹ ግንባር ላይ ቁጥር ተለጥፎ ነበር።

ሁሉም ግን አልሄዱም። እዚህ ላይ እኛ ወንጌላውያን ዝም ብለን ልናልፍ አይገባም። በ1860 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ የተባሉ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በደምቢያ፣ ጀንዳ፣ ለቤተ እስራኤል ወንጌል መስበክ ጀመሩ። ዐፄ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ ስላዘዙ ያመኑት የተጠመቁት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእነዚህና በኋላ በልዩ ልዩ ምክንያት ክርስትናን የተቀበሉ ሰዎች ልጆች «ፈላሽ ሙራ» ተባሉ፤ ስሙን እነሱ አልመረጡትም። በ1983 ክርስቲያን ናችሁ ተብለው የቀሩት በሺዎች ይቆጠራሉ። ከዚያም በኋላ ብዙዎች የዘር ሐረጋቸውን ለማስረዳት በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ተመላለሱ። የዕዝራ ካህናት ነገር ማለት ነው።

የሚሲዮኑ ማኅበር ወረቀቶች ዛሬ በኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን መዝገብ በስካነር ማንሣቱ ቀላሉ ሥራ ይመስለኛል። ከባዱ ስማችን ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፣ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ስም አይገናኙም። «ጥላሁን»ን ወይም «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። ዓመቱም በእኛና በእነርሱ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃል። እስራኤል ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸውም አሉ። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ከላቲኑ አጠገብ ስሙ በግዕዝ ፊደል፣ ከአባትና ከአያት፣ ከእናትም ስም ጋር፣ ከተቻለም ከመንደሩ ጋር መስፈር አለበት። ይህን በትክክል የሚያነብ ደግሞ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከወጣቶቻችን መካከል ኮምፒውተሩንም ፊደሉንም የሚችሉ አይጠፉም።