ከጋን እስከ ሳጥን፦ የመጠጥ ጅምላ ንግድና የአገሪቱ ፍጆታ ታሪክ

የአንድ አገር ሕዝብ ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው የፋብሪካዎችን የምርት መዝገብ ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህ መዝገብ የሚነግረው የታሪኩን የቅርብ ክፍል ብቻ ነው። ቢራና ለስላሳ መጠጥ በሳጥን ተቆጥረው ግብር ይከፈልባቸዋል፤ በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላ፣ የሚጣለው ጠጅና የሚወጣው አረቄ ግን ቆጣሪ የላቸውም። ስለዚህ የፋብሪካ ምርት በጨመረ ቁጥር ሕዝቡ አብዝቶ መጠጣት ጀመረ ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ከተጨመረው ውስጥ ምን ያህሉ አዲስ ፍጆታ፣ ምን ያህሉስ ከጋን ወደ ጠርሙስ የተዛወረ የቀድሞ ፍጆታ ነው? ይህን ለመመርመር የመጠጡን ብቻ ሳይሆን የዕቃውንና የማጓጓዣውን ታሪክ መከተል ያስፈልጋል።

ጋን የማይጓዝበት ዘመን

ጠላ የሚጠመቀው በጌሾ፣ በብቅልና በእህል ነው። ጥንስሱ ለጥቂት ቀናት ከሰነበተ በኋላ እንኩሮ ተጨምሮበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውሃ ይሞላበታል። ይሁን እንጂ ፍላቱ በዚያ አያበቃም። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ አየር ስለሚገባበት ጠላው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሆመጥጣል። ጋኑም ሸክላ በመሆኑ ከባድና ተሰባሪ ነው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ጠላ በተጠመቀበት መንደር የሚጠጣ መጠጥ ሆኖ ኖረ። ጠማቂዋ ሸማኔው ገበሬው ወደ ደጇ እንዲመጣ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍታ ታቆማለች እንጂ ጠላዋን ወደ ሩቅ ገበያ አትልክም።

ከዚህም የተነሣ በጥንቱ ሥርዓት የጠላ ጅምላ ነጋዴ የሚባል ሰው ለመፈጠር ምክንያት አልነበረም። በጅምላ ይነገድ የነበረው ጥሬ ዕቃው ነው፤ ይኸውም ገብሱ፣ ጌሾውና ማሩ ነው። ማር ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በአጋሰስ ጀርባ ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር፤ በግብርነትም ወደ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር። ጠጅ የነገሥታትና የመኳንንት ማዕድ መጠጥ ሆኖ የኖረውም በጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ብዙ ማር ማሰባሰብ የሚችለው ባለሥልጣን በመሆኑ ጭምር ነው።

ባቡር፣ ሙቀትና ቆርኪ

መጠጥ ከተሠራበት ቦታ ርቆ ለመሸጥ ሦስት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው። አንደኛው በሙቀት የማምከን ዘዴ ነው፤ የቢራውን እርሾ ስለሚያከስመው መጠጡ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ሁለተኛው የብረት ቆርኪ ነው፤ ጋዙን አፍኖ ይይዛል። ሦስተኛው ከባድ ጭነት የሚሸከም መጓጓዣ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ይህ ሦስተኛው ተሟላ። መጀመሪያ የውጭ አገር መጠጥ ገባ፤ ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ ገባና በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ መግቢያ ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ ሲጀምር፣ በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽ ላይ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በሰበታ ሥራውን ጀመረ።

እነዚህ ፋብሪካዎች መጠጥ ብቻ አላመረቱም፤ አዲስ ዓይነት ነጋዴም ፈጠሩ። እርሱም ወኪል አከፋፋዩ ነው።

የባዶው ጠርሙስ ስሌት

የአከፋፋዩን ሥራ ከሩቅ የሚያይ ሰው ቢራ የሚሸጥ ይመስለዋል። ሥራው በቅርብ ሲመረመር ግን ከፊሉ ባዶ ጠርሙስ የመሰብሰብ ሥራ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል፤ እያንዳንዱ 0.33 ሊትር ነውና በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቢራ ከ8 ሊትር በጥቂቱ ያንሳል። የአንዱ ጠርሙስ ክብደት ወደ 300 ግራም ቢጠጋ፣ ሳጥኑም ሲደመር፣ ባዶው የሙሉውን ክብደት ግማሽ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቢራ አድርሶ የሚመለስ የጭነት መኪና ባዶውን የሚመለስ መኪና አይደለም፤ ነዳጅ እያቃጠለ ብርጭቆ ተሸክሞ ይመጣል።

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ ነው። 1 ሄክቶ ሊትር ቢራ 303 ያህል ጠርሙስ ይሞላል። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቂሊንጦ የተመረቀው የሄኒከን ፋብሪካ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር የማምረት ዐቅም ይዞ ተነሣ። ይህ ሁሉ በጠርሙስ ቢታሸግ ወደ 455 ሚሊዮን ጊዜ ጠርሙስ መሙላት ይጠይቃል። አንዱ ጠርሙስ በዓመት 10 ጊዜ ቢመላለስ 45 ሚሊዮን ተኩል ጠርሙስ ይበቃል፤ 5 ጊዜ ብቻ ቢመላለስ ግን 91 ሚሊዮን ያስፈልጋል። እንግዲህ በየቡና ቤቱ ጓዳ ሳይመለስ የሚከርም ባዶ ጠርሙስ ሁሉ የታሰረ ካፒታል ነው። አከፋፋይ ለመሆን የሚፈልግ ሰው መጋዘንና መኪና ብቻ ሳይሆን ለጠርሙስና ለሳጥን መያዣ የሚሆን ገንዘብ የሚጠየቀው፣ ባለ ግሮሰሪውም ባዶ ሳያስረክብ ሙሉ የማያገኘው ስለዚህ ነው።

ከኮታ ወደ ውድድር

በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሱ። በቀጠሉት ዓመታት በ1976 ዓ.ም. የሐረር ቢራ ፋብሪካና የአሰላ ብቅል ፋብሪካ፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ሥራ ጀመሩ። በዚህ ዘመን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ሲሆን ፍላጎት ከአቅርቦት በላይ ነበር። አከፋፋዩ ገዢ መፈለግ አላስፈለገውም፤ የተመደበለትን ኮታ ማደል ብቻ በቂው ነበር።

ይህ ሁኔታ በ1990ዎቹ ተለወጠ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ተዛወረ፤ በጎንደር የዳሽን ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌንና ሐረርን በድምሩ ወደ 163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ፤ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ለካስቴል ቡድን አስተላልፎ ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙት ሐበሻ ቢራም በደብረ ብርሃን ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ አከፋፋዩ ከአዳይነት ወደ ተፎካካሪነት ተሸጋገረ፤ ማቀዝቀዣ፣ ጃንጥላና ወንበር ለቡና ቤቱ ማደል፣ በቆርኪ ሥር ሽልማት ማኖር የንግዱ መሣሪያ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ባገደ ጊዜ፣ ገዢውን በአካል የሚያገኘው አከፋፋይ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

የንግዱ ወራት ግን አሁንም የሚቆጠረው በሕዝቡ ባህል ነው። በዐቢይ ጾም ሽያጭ ይቀዘቅዛል፤ በጥር ሠርግ፣ በፋሲካና በመስቀል ይግላል። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል አልኮል የሌለው የሐረር ሶፊ ገበያ ማግኘቱም፣ ፋብሪካ የሕዝቡን እምነት ሳያጤን መሸጥ እንደማይችል ያሳያል።

የማይመለሰው ዕቃ

ጋን ከመንደር አይወጣም፤ ጠርሙስ ሄዶ ይመለሳል፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ሄዶ ይቀራል። የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ መምጣት ሲጀምር የአንዱ ምርት ስም «ሃይላንድ» የዕቃው ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ለአከፋፋዩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መያዣ የለም፣ ስብራት የለም፣ የመልስ ጭነት የለም። ነገር ግን ያ የመመለሻ ወጪ አልጠፋም፤ ከአከፋፋዩ መዝገብ ወጥቶ በየቦዩና በየወንዙ ዳር ተከማቸ። ከፊሉን የሚሸከሙት በየሰፈሩ ፕላስቲክ የሚለቅሙ ድሆች፣ የቀረውን የሚሸከመው ከተማው ነው።

በሌላ ወገን ጠላና አረቄ የሚሸጡ እናቶች በዚህ ሁሉ መካከል አሉ። የእነርሱ ገበያ ከፋብሪካው ጋር የሚገናኘው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው ከቡና ቤት የሚጠጣው ወጣት፣ ሁለተኛው የገብስ ዋጋ። የብቅል ፋብሪካ ገብስ በብዛት ሲገዛ ገበሬው ይጠቀማል፤ ያው ዋጋ ግን በጠማቂዋ ላይ ይወጣል። እርሷ የምትሸጠው ከዕለት ገቢው ለሚቆነጥር ሰው ነውና ዋጋ መጨመር ይከብዳታል።

እንግዲህ የአገሪቱን የመጠጥ ፍጆታ የሚያጠና ሰው ሳጥን ቆጥሮ ቢያቆም፣ የቆጠረው የተጓዘውን መጠጥ እንጂ የተጠጣውን አይደለም። የጋኑ ድርሻ ሳይታወቅ የወጣ የግብርም ሆነ የጤና ፖሊሲ ግማሹን አገር ሳያይ የወጣ ፖሊሲ ይሆናል። አከፋፋይ በየማታው ሙሉውንና ባዶውን ለይቶ ቆጥሮ ሒሳቡን ይዘጋል፤ አገርም ሒሳቧን በትክክል ልትዘጋ የምትችለው የጣሳዋን ደጃፍ ከሳጥኑ ጎን ስትመዘግብ ነው።